ስድሳ ሦስት ትከሻ

ዐድናን በሐረር ግንብ ውስጥ ካሉት ፍሪጅ ጠጋኞች ሁሉ አንደኛ ነው። ከግንቡ ውጪ ካሉትም አንደኛ ነው፤ ጅግጅጋ ድረስ ቢኬድ የሚወዳደረው አይገኝም። እጁ የነካው ፍሪጅ ውስጥ ፍም ቢያስቀምጡበት በረዶ ሆኖ ይወጣል ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ የራሱ ቤት አልነበረውም። ፈላና በር አጠገብ፣ በአከራያቸው በአዴ ሰዐዲያ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ከሚስቱ ከዋፊቃ ጋር ይኖር ነበር። ሁለት ክፍል የተባለውም ለክብር ያህል ነው፤ አንደኛውን ክፍል ከሌላው የሚለየው መጋረጃ ነው፤ መጋረጃውም የአዴ ሰዐዲያ ነው።

ስልኩ የተደወለው እሑድ ጠዋት ነው፤ ከጂዳ። ደዋዩ የአባቱ የአው ዐብዱልሐኪም ጎረቤት ነበር። አው ዐብዱልሐኪም ልጃቸው የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ “ለስድስት ወር” ብለው ወደ ጂዳ ሄደው፣ ስድስቱን ወር ሠላሳ አንድ ዓመት አድርገውታል።

“ስትሮክ መቷቸዋል” አለ ጎረቤትየው። “ቀኝ እጅና ቀኝ እግር እምቢ ብሏል። አፋቸው ግን ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ከበፊቱ ብሷል። ሐኪሞቹ አገርዎ ገብተው ይረፉ ብለዋቸዋል። ትኬቱን ቆርጠናል፤ ዓርብ ድሬዳዋ ይወርዳሉ።”

ዐድናን ስልኩን ዘግቶ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየው። መዞር እንኳን አላስፈለገውም፤ ባለበት ቆሞ ሁሉም ይታያል።

“አልጋው ላይ እሳቸው ይተኛሉ፤ እኛ ከመጋረጃው ወዲህ እናነጥፋለን” አለች ዋፊቃ። “ቦታው አይደለም የሚቸግረው። የሚቸግሩት አዴ ናቸው።”

እውነቷን ነው። አዴ ሰዐዲያ ሲያስነጥሱ አምስት በር አልፎ ያለ ሰው “ይርሐሙኪላህ” የሚልላቸው ባልቴት ናቸው። የቤት ኪራይ ውላቸው ከአንድ መንግሥት ሕገ መንግሥት ይረዝማል። እዚያ ውል ላይ ደግሞ “ሁለት ሰው” ይላል እንጂ “ሁለት ሰውና አንድ ታማሚ” አይልም።

ዐድናን ወደ ትልቁ ቤት ገብቶ፣ ከፍ ባለው መደብ ላይ የተቀመጡትን አዴን ከታች ቆሞ ነገራቸው። አዴ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ይኸው ነው ያስፈራው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ሰምተውት አያውቁም።

“ዐድናን” አሉ በመጨረሻ፤ “ሰው መታመሙን አልጠላም። እኔም ስኳሩም ግፊቱም አለኝ። የምፈራው ሌላ ነው። ከናንተ በፊት እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረችው ተከራይ እናቷን አምጥታ ነበር፤ እንዲህ እንዳንተ ‘ሊታከሙ ነው’ ብላ። ሴትዮዋ በሦስተኛው ወር ሞቱ። ስንት ሰው ተሸከማቸው መሰለህ?”

“እንጃ አዴ።”

“አራት። አራት ሰው። ዘመድ የለ፣ አፎቻ የለ። እኔ በየደጁ ዞሬ ሰው ስለምን ዋልኩ። ከዚህ በር፣ ባሌ በሁለት መቶ ሰው ትከሻ ከወጣበት በር፣ አንዲት ሙስሊም በአራት ሰው ወጣች። ቁም ሣጥን ስናወጣ እንኳን ስድስት ነበርን።”

“አባቴ እኮ ሊሞቱ አይደለም የሚመጡት።”

“ሁሉም ሊሞት አይደለም የሚመጣው። አንተ ደግሞ አፎቻ ግባ ስልህ ሁለት ዓመት ‘በሚቀጥለው ወር’ ትለኛለህ።” አዴ መቁጠሪያቸውን አነሡ። “አርባ ሰው። አባትህን እንደ ጎረቤት የሚያውቅ፣ ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ የቁርጥ ቀን ሲመጣ ትከሻውን የሚያውስ አርባ ሰው ካለህ ይግቡ። ከሌለህ ሌላ ቤት ፈልግ። ያንን ነገር ሁለተኛ ከበሬ ላይ ማየት አልችልም።”

አፎቻ ማለት የሐረሮች እድር ነው፤ ሠርግም ሐዘንም ያለሱ አይሆንም። አፎቻ የሌለው ሰው በሐረር ሊኖር ይችላል፤ መሞት ግን አይመቸውም። ዐድናን ከእናቱ ዘመዶች ጋር ጅግጅጋ ያደገ ስለሆነ እዚህ ሰፈር የገባው ገና በቅርቡ ነው፤ ምዝገባውን ዛሬ ነገ ሲል ቆይቶ አሁን አንገቱ ላይ ደረሰበት።

በዚያው ቀን ወደ ጂሃድ ሄደ። ጂሃድ ሥጋ ሻጭና የአፎቻው ሰብሳቢ ነው። ትከሻው እንደ በር መዝጊያ ነው፤ በጠባቡ መንገድ የሚሄደው በጎኑ ነው። አንድ ጊዜ በሬ ወግቶት ይቅርታ የጠየቀው በሬው ነው ይባላል።

“መዝግበኝ” አለው ዐድናን። “አባቴንም ጨምረህ። እስከ ዓርብ።”

ጂሃድ ቢላዋውን ሳያስቀምጥ ተመለከተው። “ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጠይቅህ ምን ነበር የምትለን?”

“በሚቀጥለው ወር።”

“እንግዲህ እኔም ልበልህ፤ በሚቀጥለው ወር። ስብሰባው ያኔ ነው። ሕግ ነው ወንድሜ። ሥጋ ከፈለግህ ግን ዛሬውኑ አለ።”

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ዐድናን ያልገባበት ግቢ የለም። አንዱ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ መሰላሉ ጤነኛን ያሽመደምዳል። አንዱ ሶፊ መውጫ ላይ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ነፋሻ ነው፣ ጣሪያ ብቻ የለውም። ድሬ ጠያራ የሚባል ገጠር አንድ ደግ ገበሬ “በነጻ ግቡ” አለው፤ ከሐኪም ቤት እዚያ ለመድረስ ግን ታማሚው መጀመሪያ መዳን አለበት። ሐሙስ ማታ ጫማው አፉን ከፍቶ፣ እሱ አፉን ዘግቶ ወደ ጓደኛው ወደ ጌታነህ ሄደ።

ጌታነህ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ክርስቲያን ቢሆንም የዓርብን የጁምዓ ሰዓት ከኢማሙ እኩል ያውቃል፤ መንገዱ ጭር የሚለው ያኔ ስለሆነ ሚኒባሱን የሚያበራት በዚያ ሰዓት ነው።

“ቀላል ነው” አለ ጌታነህ። “ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፈላና በር እንደርሳለን። ሰው ሁሉ መስጊድ ነው። አዴም ዓርብ ዓርብ ሰግደው ጋደም ይላሉ። አባትህን አስገብተን አልጋ ላይ እናስተኛቸዋለን። አንዴ ከተኙ በኋላ ታማሚ የሚያስነሣ አንጀት ያለው ሰው በሐረር አልተወለደም።”

“ይኼ እኮ ሌብነት ነው።”

“የሚሰረቅ ነገር ይወጣል እንጂ ይገባል እንዴ?”

ለመሸከሚያ ጌታነህ ከሁለት የድንኳን ምሰሶና ከአሮጌ ሸራ ቃሬዛ ሠራ። ተሽከርካሪ ወንበር አይታሰብም፤ የፈላና መንገድ ድንጋዩ ጤነኛውንም ጎማ ያንገዳግዳል። ስፋቱም ቢሆን የከሳ ድመት ትንፋሽዋን ውጣ የምታልፍበት ነው፤ ሁለት ሰው ከተገናኘ ወይ አንዱ ይመለሳል ወይ ይዛመዳሉ።

ዓርብ ታዲያ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ዘገየ። አው ዐብዱልሐኪም አራት ሻንጣ አስይዘው፣ አንድ የኤርፖርት ሠራተኛ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋቸው ብቅ አሉ። ዐድናን በስምንት ዓመቱ የሚያውቃቸው ሰው ጣሪያ የሚነካ ነበር፤ አሁን የወጡት ሽማግሌ ወንበሩ ራሱ ሰፍቷቸው ነበር። ግራ እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ዳሰሱት።

“ፀጉርህ የት ሄደ?” አሉት።

“እርስዎን ሲጠብቅ አለቀ አባ።”

ከዚያ ወዲያ ዝም አላሉም። የደንገጎ ጠመዝማዛ እንኳን ወሬያቸውን አላጠመዘዘውም። ሐረማያ ላይ ሲያቅለሸልሻቸው የመንገድ ክኒን ዋጡና ዓይናቸው ከበድ ከበድ አላቸው። ፈላና በር ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጌታነህ ሁለት የጫት ጫኞች ጠርቶ ሽማግሌውን ቃሬዛው ላይ አስተኟቸው።

“ፊቴን ሸፍኑኝ” አሉ አው ዐብዱልሐኪም።

“ለምን አባ?”

“ሠላሳ አንድ ዓመት በሁለት እግሬ ቆሜ የናፈቅኳት ከተማ ተጋድሜ እንድታየኝ አልፈልግም። ቤት እስክንገባ ቃል አልተነፍስም፤ ማንም አይወቀኝ።”

ዐድናን ነጭ ነጠላ ከራስጌ እስከ ግርጌ አለበሳቸው። እሱና ጌታነህ ከኋላ፣ ጫኞቹ ከፊት ሆነው ቃሬዛውን ወደ ትከሻ አወጡ። መጀመሪያው እጥፋት ላይ ሲደርሱ ከመስጊድ የወጣው ሰው ሁሉ ከፊታቸው ግጥም አለ።

ሐረር ውስጥ ነጭ ለብሶ በአራት ሰው ትከሻ የሚሄድ ነገር ሲታይ “ምንድነው?” ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጀናዛ ነው፤ ወደ ቀብር የሚሄድ ሬሳ። ጀናዛ ያገኘ ሰው ደግሞ ጥቂት እርምጃ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም፤ አጅሩ፣ ከአላህ የሚገኘው ዋጋ፣ ትልቅ ነው። ከሁሉ ፊት የነበረው ጂሃድ ነው። “ላ ኢላሃ ኢለላህ” ብሎ አንዱን ጫኝ በአንድ እጁ ፈንጠር አድርጎ ምሰሶውን ተቀበለ። ሌላውም ተቀበለ። ጫኞቹ ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ምስጋናም ሳይጠብቁ ጠፉ። ከዚያ አንድ ጎልማሳ የዐድናንን ትከሻ ነካ፦ “አንተ ሐዘንተኛ ነህ፤ ልቀቅ ወንድሜ።”

“አይ፣ እኔ—”

ለቀቀ ሳይሆን አስለቀቁት። ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ቃሬዛው ሃያ ሰው ቀድሞታል። ሰዉ ከኋላው መጥቶ በላዩ ላይ እየተሻገረ ወደ ፊት ይሽቀዳደማል፤ እሱ ግን መቅደም አይችልም፤ መንገዱ አንድ ሰው ነዋ የሚያሳልፈው።

“አልሞቱም!” አለ ዐድናን። “አባቴ አልሞቱም!”

ከፊቱ ያለው ሽማግሌ ዞር ብሎ በእንባ አየው። “ሰብር አድርግ ልጄ። እኔም አባቴ ሲሞቱ እንዲሁ ነበር ያልኩት።”

“እውነቴን ነው፤ ተኝተው ነው!”

“አዎ፤ ዕረፍት ነው። ሁላችንም ወደዚያው ነን።”

“ክኒን ውጠው ነው!”

“አይ የሐኪም ነገር” አለ ሌላው ከንፈሩን እየመጠጠ። “ስንቱን ሰው በክኒን ጨረሱት።”

ጌታነህ ከኋላው በሰው ተጠቅልሎ ይሄዳል። “ዐድናን፣ ዝም ብለህ ሂድ” አለው። “በጮህክ ቁጥር ሰው እየጨመረ ነው።”

እውነትም ከየበሩ ሰው ይወጣል። ጫማ ሰፊው መርፌውን እንደያዘ ወጣ፤ ፀጉር አስተካካዩ ወጣ፤ ግማሽ ጢሙ የተላጨው ደንበኛውም ሳሙናውን ሳይጠርግ ተከተለው። ግንቡ ራሱ እግር ቢኖረው ይከተል ነበር። ቃሬዛው በአዴ ሰዐዲያ በር ፊት እንደ ጎርፍ አለፈ፤ ቤቱ ይኸውላችሁ ብሎ የሚያስቆመው የለም። አዴ ጋደም ካሉበት በ‘ላ ኢላሃ ኢለላህ’ ዝክሩ ድምፅ ተነሥተው በራቸው ላይ ቆመዋል። ከዚያች ከአራት ሰው ቀን ወዲህ በደጃቸው የሚያልፍ ጀናዛ ሁሉ ስንት ሰው እንዳጀበው በመቁጠሪያ ይቆጥራሉ፤ አሁንም እየቆጠሩ ነበር። ፊታቸው ላይ ቅናት የሚመስል ነገር ይነበባል፤ ማነው ይኼ የታደለ ይላል።

“አዴ!” አለ ዐድናን በሰው መሃል እየተገፋ። “አባቴ ናቸው! አልሞቱም፣ ንገሩልኝ!”

አዴ ሰዐዲያ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቀጥሎ የሆነውን ዐድናን አላየም፤ ሰዉ ወሰደው።

መስጊዱ ግቢ ሲደርሱ ቃሬዛው ከኢማሙ ፊት ወርዶ፣ ሰዉ ተሰልፎ ነበር። ዐድናን ከመጨረሻው ሰልፍ ተነሥቶ በክርኑ ይቀዝፍ ጀመር። ኢማሙ ሶላቱን ከመጀመራቸው በፊት እንደ ወጉ ለማወቅ ጠየቁ፦

“ወንድ ነው ሴት?”

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሁሉም ተሸክሟል እንጂ የጠየቀ የለም። ጂሃድ ወደ ግራው አየ፣ ወደ ቀኙ አየ።

“ወንድ ነኝ” አለ ከነጠላው ስር አንድ ድምፅ። “ዐብዱልሐኪም እባላለሁ። ውሃ አላችሁ?”

ከተማው ሁሉ ዝም አለ። ድሬዳዋ ድረስ ዝም ብሏል የሚሉም አሉ። ባለ ግማሽ ጢሙ ደንበኛ ጫማውን ጥሎ ግቢውን ለቀቀ። በሕይወቱ ደንግጦ የማያውቀው ጂሃድ ተቀመጠ፤ ተቀመጥ ያለው ግን አልነበረም። ኢማሙ ብቻ ጎንበስ ብለው ነጠላውን ከፊታቸው ላይ ገለጡና “አልሐምዱሊላህ። ውሃ አምጡላቸው” አሉ።

ዐድናን ደርሶ አባቱን ቀና አድርጎ በደረቱ ደገፋቸው። “አባ፣ ነቅተው ነበር? ለምን ዝም አሉ?”

“መጀመሪያ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ዝክሩን ሰማሁ፣ ሽቅብ ሳይ ነጭ ብቻ ነው። በቃ ሆነ አልኩ።” ውሃውን ተጎነጩ። “አሸካከማቸው ግን እንዴት ያምራል። አንዲት ድንጋይ ላይ እንኳን አልተናጥኩም። እንዲህ ያለውን ነገር ማበላሸት ነውር መሰለኝ። ይኼ ወንድ ነው ሴት ያሉት ነገር ነው እንጂ፤ እሱን ዝም ብሎ ማለፍ አልቻልኩም።”

መጀመሪያ የሳቀው ጂሃድ ነው። እሱ ሲስቅ ርግቦቹ ከሚናሬው ተነሡ። ከዚያ ኢማሙም አልቻሉም። ሰው ሁሉ እየመጣ ግራ እጃቸውን ጨበጠ፣ ግንባራቸውን ሳመ፤ እኔ ከፊት በቀኝ በኩል ነበርኩ፣ እኔ ጥግ ላይ ነው የተቀበልኩዎት፣ ይቅር ይበሉን። አንድ የአው ዐብዱልሐኪምን የድሮ ሱቅ የሚያስታውስ ሽማግሌ ተገኝቶ ወሬው ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

“በሉ” አለ ጂሃድ ተነሥቶ። “ያነሣነውን ሰው መንገድ ላይ አንጥልም። ቤቱ የት ነው?”

ዐድናን የቃሬዛውን ሸራ ያቃና ጀመር። አው ዐብዱልሐኪም አንገታቸውን አዙረው አዩት፤ በዚህ ሁሉ መሃል ፊታቸው ላይ ሳቅ የጠፋው አሁን ነው።

“ልጄ፣ መግቢያ የለህም?”

“አለ አባ። ኪራይ ነው። አከራይዋ ግን ገና እሺ አላሉም።”

ሽማግሌው በግራ እጃቸው የልጃቸውን ትከሻ ያዙ። “እንግዲያስ መጀመሪያ እሳቸውን ሰላም እንበላቸው” አሉ።

ተመልሰው ሲመጡ አው ዐብዱልሐኪም ቃሬዛው ላይ ተቀምጠው፣ ከራስ በላይ ሆነው፣ በየመስኮቱ ለሚያያቸው ግራ እጃቸውን እያነሡ ነው። ማንም አይወቀኝ ያሉትን ረስተውታል። አዴ ሰዐዲያ ደጃፍ ላይ የአፎቻው ሴቶች ጥቁር ነገር ደርበው፣ የሐዘን ሩዝ ከነድስቱ ይዘው ቆመዋል። ዋፊቃ ከመሃላቸው ፊቷ በእንባ አብጧል፤ ቃሬዛው ሲታጠፍ አይታ እጇን ጉንጭዋ ላይ እንዳደረገች ቀረች። አዴ ዓይናቸው ቀልቷል። ቃሬዛው ላይ የተቀመጠውን ሰው አዩ፣ ዐድናንን አዩ፣ ድስቱን አዩ።

“እርስዎ ሰውዬ” አሉ፤ “እኔ እኮ በሬን ከልክዬ ገደልኳቸው ብዬ አለቀስኩ። ይኼን ሁሉ ሩዝ አስቀቅለውኝ ነው እንዲህ የሚቀመጡት?”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ” አሉ አው ዐብዱልሐኪም። “ሳልሞት መምጣቴ ካስቀየመዎት።”

አንዲት ሴት ሳቋን በሻሿ አፈነች። ዐድናን ወደ ፊት ቀረበ። “አዴ፣ ሳላስፈቅድ ላስገባቸው ነበር። ሌብነት ነው፤ አጥፍቻለሁ። አርባ ሰው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ—”

“ስድሳ ሦስት” አሉ አዴ።

“ምን?”

“ስድሳ ሦስት ሰው ነበር። ቆጥሬያለሁ። አንተን ሳይጨምር፤ አንተማ ጩኸት ብቻ ነበርክ።” ወደ ጂሃድ ዞሩ። “እናንተ፣ ይኼን ሰው ተሸክማችኋል?”

“ተሸክመናል አዴ።”

“ሁለተኛም ትሸከሙታላችሁ?”

“አላህ ያርቀው እንጂ፣ መንገዱን አውቀነዋል” አለ ጂሃድ። “ስብሰባ አያስፈልገውም። ትከሻ የሰጠነውን ሰው ሄደህ ተመዝገብ አንልም። ዐድናንንም አብረን እንጽፈዋለን፤ እሱ እንኳን በሚቀጥለው ወር ነበር።”

የግቢው በር ሁለት መዝጊያ አለው። አንደኛው የአዴ ባል ከወጡበት ቀን ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም፤ ተከራይ ሁሉ በአንዱ በጎኑ ነው የሚገባው። ቃሬዛው በአንዱ አልገባ አለ። ጌታነህ “በጎን እናዘንብላቸው?” ሲል አዴ ዝም ብለው ሄደው የዛገውን መቀርቀሪያ ይታገሉት ጀመር። ጂሃድ ሊያግዝ ቢጠጋ በክርናቸው አራቁት። መቀርቀሪያው ሲወልቅ የሰማ ሰው ግንቡ ፈረሰ ይላል።

“ሰው እኮ በበር ነው የሚገባው” አሉ አዴ፣ እጃቸውን እያራገፉ። “አስገቧቸው።”

የሐዘን ሩዝ ወደ መጣበት አይመለስም፤ ስለዚህ እዚያው ግቢ ውስጥ ተበላ። ስድሳ ሦስቱም በሉ። ባለ ግማሽ ጢሙም ወሬውን አጣርቶ፣ ጫማውንና ድርሻውን ፈልጎ ተመለሰ። ጂሃድ በሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ይጽፋል፦ “ስም ዐብዱልሐኪም። ሰፈር ፈላና በር። ሁኔታ…” ቆም ብሎ አሰበና “በሕይወት” ብሎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ዋፊቃ ለአማቷ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። አው ዐብዱልሐኪም አኝከው፣ አጣጥመው፣ ወደ አዴ ሰዐዲያ ዞሩ።

“ጥሩ ነው። ጨው ግን ትንሽ አንሶታል።”

“ለሚቀጥለው አስተካክላለሁ” አሉ አዴ።

“አይቸኩሉ” አሉ አው ዐብዱልሐኪም፤ ሌላ ጉርሻ ለመቀበል አፋቸውን ከፈቱ።